ቶሌሳ ሳይበላ የሄደ ቀን

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ቶሎ ወጣ። ከላሞቻችን አንዷ በሐምሌ ሞተች፤ ጥጃዋ ተከተለቻት። ባቄላው አበባውን አራግፎ ባዶውን ቆመ። በመስከረም አባቴ ለሽምብራ ሲያርስ በሬው ደንብሮ ጎተተው፤ ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ በእንጨት ጠፍሮ አሰረለት። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ከዘራነው ሁሉ የተረፈን ወንዙ ዳር ያለው ጤፍ ብቻ ነበር። በኅዳር ደረሰ። የሚያጭደው እጅ አልነበረም።

ጋዲሳ እባላለሁ። አባቴ ነገዎ፣ እናቴ ደሪቱ ይባሉ ነበር። ያኔ የወተት ጥርሴ እየተነቀለ ነበር፤ ዕድሜዬን የማውቀው በዚያ ነው። መንደራችን ዛሬ የቦሌ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ላይ ነበረች። በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ሻንጣ እየጫንሁና እያወረድሁ ጡረታ ወጣሁ። የአባቴ ማሳ በየት በኩል እንደነበር ለባልደረቦቼ ነግሬ አላውቅም። ብነግራቸውም የማሳያቸው ነገር የለም፤ አስፋልት ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ፌናን ናት። ጎሮ አብረን እንኖራለን። አውሮፕላን ላይ አስተናጋጅ ለመሆን ልትፈተን እንግሊዝኛ ታጠናለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እንግሊዞች እኮ ያለ ሰውነታቸው አያወሩም» አለችኝ። «ይስሙ እስቲ። ሰው ሲፈራ ምን ይላሉ መሰለዎት? እግሩ ቀዘቀዘ።»

«ካልሲ ያድርጋ።»

«ሲቀልዱበት ደግሞ እግሩን ጎተቱት ይላሉ።»

«አባቴን በሬ ጎትቶታል። ማንም አልሳቀም።»

«ውድ ነገር ሲገዙ፣ ክንድና እግር አስከፈለኝ።»

«የጎሮን የቤት ኪራይ ሰምተው ነው።»

ሳቀችና ስልኳን በጣቷ ወደ ላይ ገፋችው። ጥፍሯን ለፈተናው ብላ አሠርታዋለች፤ ረጅምና የሚያብረቀርቅ ነው።

«ይቺ ደግሞ ቀላል ናት። ሌንድ ሚ ኤ ሃንድ። እጅህን አበድረኝ። አግዘኝ ለማለት ነው።»

እዚህ ላይ ወደ እሷ ዞርሁ። ከዚያ ጠየቅኋት።

«መቼ ይመልሱታል?»

«ምኑን?»

«እጁን። አበድረኝ ካሉ መመለስ አለባቸው።»

«አይመልሱትም አባባ። አነጋገር ነው እኮ።»

«ካልተመለሰ ስጦታ ነው። ብድር አይባልም።»

«ኦ ማይ ጋድ! ፈተናው ላይ እንዲህ ብዬ ብመልስ ይጥሉኛል» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ግን ወንዙ ዳር፣ ጤፉ መሀል ቆሜ ቀረሁ።

ቶሌሳ ድንበርተኛችን ነበር። በዕድሜ ከአባቴ ያንሳል፤ ረጅም፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው። በፊተኛው በጋ እሱና አባቴ በወንዙ ዳር ማሳ ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ቆመዋል። ነገሩ ሳይቋጭ ክረምት ገባ። አባቴ እራት ላይ ለእናቴ ሲናገር እሰማ ነበር። «ቶሌሳ ዓይኑን ማሳችን ላይ ጥሏል» ይላል። እኔ በማግስቱ ሄጄ ጤፉን እየገለጥሁ ዓይኑን ፈለግሁት። የወደቀ ዓይን ምን እንደሚመስል አላውቅም። የታረደ በግ ዓይን አይቻለሁ፤ እሱን የሚመስል መስሎኝ ነበር። ፌንጣ እንጂ ሌላ አላገኘሁም። ቶሌሳን በሩቅ ሳየው ሁለቱም ዓይኖቹ በቦታቸው ናቸው። ሲመሽ መጥቶ ያነሣዋል ማለት ነው ብዬ አሰብሁ።

ጤፍ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም። ነፋስ ሲነካው ይረግፋል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ያለ ወቅቱ ደመና በምሥራቅ በኩል መሰብሰብ ጀመረ። የመንደሩ ሰው ሁሉ በወንፈል ተያይዟል። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ላንተ አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ ታጭዳለህ ማለት ነው። እጅ የሚመለሰው በእጅ ነው። አባቴ የሚመልሰው እጅ ስላልነበረው ማንም ተራ ውስጥ አላስገባውም። ክፋት አይደለም። ሁሉም የራሱ ጤፍ ነበረው።

አባቴ በግራ እጁ ሞከረ። ማጭዱ ጭኑን ሲቆርጠው ተወው። ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ተጋደመና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ትንሿን እህቴን አዝላ ስታጭድ ዋለች፤ የማሳውን ጥግ እንኳ አልጨረሰችም። እጇ ደም ቋጥሮ ገባች። «ይሄ ጤፍ መሬት ላይ ከቀረ ልጆቹን ምን ላበላቸው ነው?» አለች። አባቴ ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ።

በማግስቱ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ተከተልኋት። ወደ ቶሌሳ አጥር ሄደች። እኔ ከቁልቋሉ ጀርባ ቁጢጥ አልሁ። ቶሌሳ ሞፈር እየጠረበ ነበር፤ ሲያያት ተነሣ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ነካች። እናቴ የሰው ጉልበት ስትነካ አይቼ አላውቅም ነበር። ምን እንዳለችው አልተሰማኝም። እሱ ያለው ግን ተሰማኝ።

«ነገዎ ሰምቷል?»

«አልሰማም» አለች።

«እንግዲያው አይስማ። ሰውም አይስማ።»

ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነበር። እኔ ነገሩ ገባኝ። ማሳችንን ከአባቴ ተደብቃ ለባለ ዓይኑ ሰጠችው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ጎሕ ሲቀድ የማጭድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብዙ ማጭድ አንድ ላይ ሲያጭድ ከብት ሣር እንደሚነጭ ይሰማል። ይሄ ግን ሳሳ ያለ ነበር፤ ዘፈንም አልነበረውም። በእኛ መንደር ሰው ለሰው ሲያጭድ ይዘፍናል። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ሳይዘፍን የሰው ማሳ የሚያጭድ ሌባ ነው።

ዱላዬን ይዤ ሮጥሁ። ጤዛው እግሬን አራሰው። ቶሌሳና ወንድሙ ከታች በኩል ጀምረው ማሳውን እየበሉት ነበር። እፊታቸው ሄጄ ቆምሁ።

«ሌባ!» አልሁት።

ቶሌሳ ቀና አለ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ፣ እያወቀ።

«የነገዎ!»

«እና ነገዎ ምን አለ?»

«ዓይንህን ጥለሃል አለ። ዓይንህን ይዘህ ሂድ!»

ወንድሙ «አንተ ይለዋል እንዴ፣ ይሄ ጥርሰ ወላቃ!» ብሎ አፉን በክንዱ ሸፈነ። ሳቁን እየዋጠ ነበር። ቶሌሳ አልሳቀም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ጎበዝ» አለ። «ማሳ እንዲህ ነው የሚጠበቀው። ካለህበት እንዳትነቃነቅ።»

ጎንበስ ብሎ ማጨዱን ቀጠለ። እኔ አልተነቃነቅሁም። በግራዬ አለፉ፣ በቀኜ አለፉ፣ ከኋላዬ ዞሩ። ፀሐይ ከፍ ስትል እኔ ባዶ መሬት መሀል፣ ራሷን በቻለች የጤፍ ቁራጭ ውስጥ ቆሜ ነበር። የቀረው ሁሉ ነዶ ሆኗል። ይህችን አስጥያለሁ ብዬ ዱላዬን አጠበቅሁ።

ያ ዝምታ ምን እንደነበር አሁን አውቀዋለሁ። ዘፈን ሰው ይጠራል። ቶሌሳ የአባቴ ቤት የሰው እጅ እንደለመነ መንደሩ እንዳይሰማ ብሎ ነው አፉን የዘጋው። ያየ አይቷል፤ ያልተጠራ ግን አልመጣም። እናቴ ይህን የነገረችኝ ጢም ካበቀልሁ በኋላ ነው። ሌባ መስሎኝ ነበር ስላት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በአንድ ጊዜ ቆመ። «እህላችንን ለምን እንዳልበላ ግን እኔም አላውቅም» አለች።

በዚያ ቀን እናቴ በቤት የነበረውን ሁሉ አውጥታ ሠርታለች። ከጎረቤት ጠላ ተበድራ፣ ለአውደ ዓመት ያቆየቻትን ቅቤ አንጥራ፣ እኩለ ቀን ላይ ተሸክማ መጣች። ሽታው እኔ እስከቆምሁባት የጤፍ ደሴት ደረሰ፤ ሆዴ ጮኸ። ቶሌሳና ወንድሙ ግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ቶሌሳ ከወገቡ ትንሽ ከረጢት ፈታ። ቆሎ ነበር።

«ኧረ በእናትህ!» አለች እናቴ። «ቅመሱልኝ። ከአቅሜ ነው።»

«ስንቅ ይዘናል፣ ደሪቱ።»

«ውሃ ብቻ ልትጠጡ?»

«ውሃው ይበቃናል።»

እናቴ ሰሃኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። ወንድሙ አንድ ጊዜ ወደ ምግቡ አየና አንገቱን ደፋ። እኔ ደስ አለኝ። ሌባ የዘረፈውን ቤት እህል አይደፍርም ብዬ ነበር፤ ምግቡም ለእኔ ሊተርፍ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ነዶው ተከምሮ አለቀ። ቶሌሳ ማጭዱን በሣር ጠረገና ወደ እኔ መጣ። እግሬ ዝሎ፣ በዱላዬ ተደግፌ ነበር።

«ይህቺ የጠባቂው ናት» አለ፣ የቆምሁባትን እያሳየ። ሄዱ። ክምሩን ሳይወስዱ ሄዱ። ይህ ከሁሉ በላይ ግራ አጋባኝ። ነገ ሊመለሱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እናቴ መጥታ ቁራጯን በማጭዷ አጨደቻትና እኔን አዘለችኝ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ክምሩን አየ።

«ማነው?»

«ቶሌሳ ነው» አለች እናቴ።

አባቴ ወደ እሷ ዞረ። «በላ?»

«አልበላም።»

አባቴ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠ። የተጣመመች እጁን በደህናዋ ይዞ «ሆን ብሎ ነው» አለ።

በእኛ መንደር ደንቡ ይህ ነበር። አቅም ላጣ ሰው ደቦ ይጠራለታል። ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሠራተኛው በልቶ ይሄዳል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ወንፈል የሚሠራ ግን ስንቁን ይዞ ይመጣል፣ የማንንም አይበላም፤ ሥራው በሥራ ይመለስለታል። እናቴ የጠየቀችው ደቦ ነበር። ቶሌሳ ሳይበላ በመሄዱ ወንፈል አደረገው። አባቴ የቶሌሳ ባለዕዳ ሆነ፤ ዕዳውም ሊከፍልበት በማይችለው ነገር ነው።

«እጅ እንደሌለኝ ያውቃል» አለ አባቴ። «በእጅ ካልከፈልሁ በምን እከፍላለሁ? መሬቱን ሊለኝ ነው።»

ቶሌሳ መሬቱን አላለውም። ምንም አላለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን በሩቅ ሲያይ መንገድ ይለውጣል። አባቴም እሱን ሲያይ ይለውጣል። አጨዳ በመጣ ቁጥር ቶሌሳ በእኛ ደጅ ማለፍ ጭራሽ ይተዋል፤ ገበያ የሚሄደው በወንዙ በኩል ዞሮ ነው። እኔ ይህን ሁሉ እመለከት ነበር። ጥፋት የሠራ ሰው ፊት ይሸሻል፤ ቶሌሳ ጥፋተኛ ነው አልሁ። አባቴ ከሰው ጋር መቀመጥ ተወ። ወንፈል ያልመለሰ ሰው በሸንጎ መሀል ድምፁን አያሰማም፤ የድንበሩንም ነገር ዳግም አላነሣም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሳው፣ የቶሌሳም ማሳ፣ መንደሩም ሁሉ ለአውሮፕላን ሜዳ ተከለለ። ሰው ወደየአቅጣጫው ተበተነ። ቶሌሳ ወደ ምሥራቅ ሄደ። አባቴ ሲያረጅ ነገር ይረሳ ነበር። ልጆቹን ረሳ፣ የእናቴን መሞት ረሳ። «ቶሌሳ አልበላም» የምትለዋን ግን አልረሳም። ሊሞት ሲል የሰማኋት እሷን ነው።

ፌናን ያንን እንግሊዝኛ ካነበበችልኝ በኋላ ዕንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። የተበደርነው እጅ አለ። አበዳሪው በሕይወት መኖሩን የሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነግረውኛል፤ ለንግሥ ልጁ ደግፎት ይመጣል ይላሉ። ከዘራዬን ይዤ በታክሲ ወደዚያው ሄድሁ። ከጎሮ አልፎ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ የሚያልቁበት ነው። የልጁ ሚስት ወርቅዬ በር ከፈተችልኝ።

«አባታችን ግቢው ውስጥ ናቸው» አለች። «ዓይናቸው አያይም። ጮክ ማለት ግን አያስፈልግም፤ ጆሯቸው የቀበሮ ነው።»

ፕላስቲክ ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ረጅሙ ሰው አጥሯል። ያ ስፈልገው የነበረ ዓይን በነጭ ተሸፍኗል።

«ማነህ?» አለ።

«ጋዲሳ ነኝ። የነገዎ ልጅ።»

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። «ጠባቂው!» አለ። «ጥርስህ በቀለልህ?»

«በቅሎ ረገፈ።»

ሳቀ። ወርቅዬ ወንበር አመጣችልኝ። ከጎኑ ተቀመጥሁ። ነገር ማሽሞንሞን አልችልም፤ ቀጥታ ጠየቅሁት።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድ ነገር ሲያብሰለስል ኖረ። ያን ቀን ለምን ሳይበሉ ሄዱ?»

«ምን መሰለው?»

«መሬቱን ሊወስዱት።»

«መሬቱንማ እፈልገው ነበር» አለ ቶሌሳ። «ዓይኔ እዚያ ነበር። አባትህ አልተሳሳተም።»

ጠበቅሁ። ከበላያችን አውሮፕላን እየወረደ አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ዝም አልን።

«እናትህ ደቦ ነው የለመነችኝ» አለ። «ደቦ ለማን ነው የሚጠራ? ላለቀለት። ነገዎ ደግሞ አላለቀለትም ነበር። በሽማግሌ ፊት ሲሟገተኝ ላብ ያስመጣኝ ሰው ነው። እህሉን ብበላ፣ አገሩ በሙሉ ነገዎ ደቦ ተጠራለት... ነገዎ ወደቀ ይላል። ከወደቀ ሰው ጋር ድንበር አልሟገትም። ብረታውም ድል አይሆንልኝም። ስለዚህ ወንፈል አደረግሁት። እጁ ይድናል፣ ይመልሳል፣ ከዚያ እንሟገታለን ብዬ። ባለዕዳ የሚሆን እኮ መክፈል የሚችል ሰው ነው።»

«ለምን አልነገሩትም?»

«ወንፈል ያበደረ አፉን አይከፍትም። ብናገር አምጣ ማለት ነው። እንዳያፍር ብዬ ነው በየመንገዱ ስሸሸው የኖርሁ።»

«እሱም እርስዎን ይሸሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሁለት ሞኞች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ እስኪሞት ወቀሰኝ። ያን የደሪቱን ቅቤ ሽታው እንኳ ከአፍንጫዬ አልወጣም ይለኝ ነበር።»

ማሳ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ከቤቱ ጀርባ ጤፍ ዘርቷል። የመጨረሻው ነው አለኝ፤ ከአጨዳው በኋላ መንገድ ያልፍበታል።

«አጨዳው ቀን እመጣለሁ» አልሁት።

«አንተ? ከዘራህ መሬት ሲነካ እየሰማሁ?»

«ሁለት እጅ ነበር፤ እርስዎና ወንድምዎ። ሁለት ሆነን እንመጣለን።»

ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ጉልበቱን በመዳፉ ደጋግሞ አሸ።

ልጆቼ ሩቅ ናቸው። ቤት ያለችው ፌናን ናት።

«እንግሊዞችሽ እንዳሉት፣ እጅሽን አበድሪኝ» አልኋት።

ሁሉንም ነገርኋት። አገጯን ደገፍ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ።

«አባባ፣ ይሄን ጥፍር ለኢንተርቪው ነው ያሠራሁት! በሚቀጥለው ሳምንት እኮ ነው። ደግሞ ሲሪየስሊ፣ ሰው ከፍለው አያሳጭዱም?»

«የተበደርነው እጅ ነው።»

«ማን ነው የተበደረው? እኔ ነገዎን በፎቶ እንኳ አላየኋቸውም።»

«በልተሽበታል» አልኋት። «እኔ ያን ዓመት በዚያ ጤፍ ነው የተረፍሁት። አንቺ ከእኔ ነሽ።»

ጥፍሯን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ «ይመልሳሉ ግን?» አለችኝ።

«እመልሳለሁ። ጊዜው ሲደርስ ትነግሪኛለሽ።»

«አልነግርዎትም። ያበደረ አፉን አይከፍትም አላሉም?»

ሄድን። ፌናን የዕቃ ማጠቢያ ሮዝ ጓንት አድርጋ ነበር። የቶሌሳ ልጅ ሲያያት ማጭዱን ሊሰጣት አቅማማ። ቶሌሳ ወንበሩን ማሳው መሀል አምጡልኝ ብሎ ጤፉ ውስጥ ተቀምጧል። ከታች በኩል ጀመርን። ወገቤ ከመጀመሪያዋ እፍኝ ነገረኝ። ፌናን ማጭዱን እንዴት እንደምትይዝ አሳየኋት፤ ጓንቱ ያንሸራትታል ብላ አወለቀችው። ብዙም ሳትቆይ አንዱ ጥፍሯ ተቀነጠሰ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ዞር አልሁ። ማጨዷን ቀጠለች።

«ለምን አትዘፍኑም?» አለ ቶሌሳ ከወንበሩ ሆኖ። «ሌቦች ናችሁ እንዴ?»

የአባቴን አገር ዘፈን ካወጣሁ ዘመን አልፏል። ድምፄ ተሰነጠቀ። ፌናን ቃሉን ሳታውቀው ተቀበለችኝ። የቶሌሳ ልጅም ተቀበለ። አውሮፕላን ሲያልፍ እናቆማለን፤ ሲርቅ ካቆምንበት እንነሣለን።

እኩለ ቀን ላይ ወርቅዬ ምግብ ተሸክማ መጣች። ፌናን ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበችና ወደ እኔ አየች።

«ስንቅ ይዘናል» አልሁ።

ወርቅዬ ልትለምነኝ አፏን ስትከፍት ቶሌሳ እጁን አነሣ። «ተዪያቸው» አለ። ቆሎና ዳቦ ይዘን ነበር። እሱን በላን፤ ውሃ ጠጣን። ፌናን ለብቻዋ «አነጋገር አይደለም ለካ» ብላ ስታጉተመትም ሰማኋት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የቀረችው ጤፍ የቶሌሳ ወንበር ዙሪያ ያለችው ብቻ ነበረች። በግራው አልፈን፣ በቀኙ አልፈን፣ ከኋላው ዞረን ነበር። እሱ በጆሮው ተከትሎናል።

«ትታችሁኛል» አለ።

«የጠባቂው ናት» አልሁት።

ማጭዱን እጁ ውስጥ አኖርሁለት። መዳፉ ቀጭን ነበር፤ ጣቶቹ ግን እጀታውን ወዲያው አወቁት። እጄን በእጁ ላይ ደረብሁ። ፌናን ጤፉን ሰብስባ ያዘችልን። የመጨረሻዋን እፍኝ አብረን ቆረጥናት።

ቶሌሳ ማጭዱን አልለቀቀም። ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ድሮው መንደር አዞረ።

«ነገዎ መለሰ» አለ ጮክ ብሎ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው።

ወርቅዬ ውሃ ይዛ መጥታ እጃችንን አስታጠበችን። የፌናን መዳፍ ውሃ ቋጥሯል። ዕዳው ተከፍሏልና ቶሌሳ ቤት ገባን። በላን።